መቀስ በኪሴ የነበረች ጊዜ

ለሦስት ወር ያህል ከዚህ ዓምድ የጠፋሁት ታምሜ አይደለም። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ በምትገኘው ክላርክስተን የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነው። «ሄዶ ቀረ» ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይኸው መጥቻለሁ።

የሄድኩት ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። ልጄ በስልክ «አባዬ፣ አንተ ብትነግረው ይሰማሃል» ስትለኝ ነው የከረመችው። ነገሩ የልጅ ልጄ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ደርሷል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ጊታር ሲመታ ያመሻል። እኔን ለምን እንደመረጠች ይገባኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አሥራ ሁለቱን ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ዩኒፎርም፣ ጥፍርና ፀጉር የማይ እኔ ነበርኩ። በኮቴ ኪስ ውስጥ መቀስ አይጠፋም። ፀጉሩ የበዛ ተማሪ ሲገኝ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መንገድ አወጣለታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ተላጭቶ ከመምጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ልጄም እዚያው ስለተማረች ሁሉንም አይታለች። ያቺ መቀስ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ያለች ይመስላታል።

በደረስኩ በአራተኛው ቀን ደረጃውን ወጥቼ የልጁን በር አንኳኳሁ። የወጣሁት ልመክረው ነበር። ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደጋግሞ የሚጫወታት አንዲት ዜማ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላለች። ምክሩን አቆየሁትና «ይህ የማን ነው?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር አንድ ሸክላ አወጣ። አዎ፣ ሸክላ! እኛ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ስልክ ስንሮጥ፣ እነሱ ወደ ሸክላ ተመልሰዋል። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት በራሱ ገንዘብ የገዛው ነው።

ሽፋኑ ላይ ፀጉራቸውን የለቀቁ ሰባት ወጣቶች ጆንስቦሮ በምትባል የጆርጂያ ትንሽ ከተማ መንገድ ላይ ቆመዋል። ባንዱ ሌነርድ ስኪነርድ ይባላል። የአልበሙ ርእስ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ የባንዱ ስም እንዴት እንደሚነበብ እንደ መዝገበ ቃላት የሚያሳይ ነው። ስሙን ሆን ብለው እንዳይነበብ አድርገው ስለጻፉት ለሰው ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። በእኛ ፊደል ቢጽፉት ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስቸገራቸው።

«አባባ፣ ይህ የተቀዳው እዚሁ ነው፤ ዶራቪል» አለኝ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው። ዶራቪል ከእነሱ ቤት ብዙ አትርቅም። ስቱዲዮ ዋን በተባለ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1973 ተቀድቶ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ለገበያ ወጣ። በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የእነሱን ዓመት በእነሱ፣ የራሴን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አትደናገሩ።) ያን ጊዜ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልንገራችሁና አትሳቁ፣ እኔም አፍሮ ነበረኝ። ማበጠሪያ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። በማበጠሪያው ቦታ መቀስ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

ስሙን ከየት አመጡት ብዬ ስጠይቀው ልጁ መሳቅ ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው። የባንዱ ልጆች ያደጉት ፍሎሪዳ ውስጥ በጃክሰንቪል ከተማ፣ ሠርቶ አደር በሚኖርበት ሰፈር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ይማሩበት በነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለወንድ ልጅ ረዥም ፀጉር ክልክል ነበር። ልጆቹ ፀጉራቸውን በቅባት ለጥፈው ሊያመልጡ ይሞክራሉ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ግን መታጠብ ግዴታ ነው፤ ውኃ ሲነካው ሁሉም ይወርዳል። የስፖርት መምህሩ ሊዮናርድ ስኪነር ይባል ነበር። ያያቸዋል፤ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይልካቸዋል። ጊታር ተጫዋቹ ጌሪ ሮሲንግተን በዚህ ሰልችቶት ትምህርቱን አቋረጠ። ከዚያ መድረክ ላይ ለቀልድ ብለው በመምህራቸው ስም ራሳቸውን ማስተዋወቅ ጀመሩ፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ፤ ፊደላቱን ብቻ አጣመሙት።

መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን «አባባ፣ አንተም ስፖርት አስተማሪ ነበርክ እንዴ?» ሲለኝ ሳቄ ቆመ። እናቱ ነግራዋለች ማለት ነው። «ፊዚክስ» አልኩት። ከዚያም «መቀስ ግን ነበረችኝ» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ምክሩ በዚያ ቀን ሳይነገር ቀረ። በማግስቱም ቀረ። እኔም በየማታው እየወጣሁ ልጁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ መስማት ጀመርኩ። ለእኛ እድሜ የሚከብድ ጩኸት አለው፤ አልዋሽም። ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ «ሳውዘርን ሮክ» ይሉታል፤ የአሜሪካ ደቡብ ልጆች የጥቁሮቹን ብሉዝና የገጠሩን ካንትሪ ከሮክ ጋር አዋህደው የሠሩት ነው። አልበሙ ስምንት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። አንዱ በባቡር ስለሚሄድ ሰው የመለያየት ዘፈን ነው። ሌላው የሰው ፍቅረኛ ጋር ሲጨፍር ሽጉጥ የተደገነበት ሰውዬ እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ እንዲፈቀድለት የሚለምንበት ነው፤ እሱን ሲተረጉምልኝ ጎኔን ይዤ ነው የሳቅሁት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ያሠለጠኑት ራሳቸውን መሆኑ ነው። ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ በሚባል ከጃክሰንቪል ውጭ ያለ ቦታ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ያላት ቤት ተከራዩ። የፍሎሪዳን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ በቆርቆሮ ሥር ሲሆን ደግሞ አስቡት። ቤቷን «ሲኦል» ብለው ሰየሟት። ዘፋኙ ሮኒ ቫን ዛንት ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በመኪናው እየለቀመ ይወስዳቸዋል፤ ሲደጋግሙ ይውላሉ። ዕቃው እንዳይሰረቅም አንዳቸው እዚያው ያድራሉ። ስለዚህ ስቱዲዮ ሲገቡ የሚፈለሰፍ ነገር አልነበረም። ፕሮዲውሰሩ አል ኩፐር፣ በ1965 ከቦብ ዲላን ጋር ኦርጋን የተጫወተው ሰው፣ አትላንታ በአንድ ጭፈራ ቤት አይቶ ነው ያገኛቸው። ጊታሩ ላይ እንደ ድንገት የሚመጡ የሚመስሉት ረዣዥም ጨዋታዎች በሙሉ አስቀድመው የተጠኑ መሆናቸው አስደንቆታል። «ፍሪ በርድ» የምትባለዋ የመጨረሻዋ ዘፈን ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ትረዝማለች፤ እሷም እንዲሁ በጥናት የተቀመረች ናት። እነዚህን ልጆች ነው እንግዲህ «ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይችሉ» ያልናቸው። «ያልናቸው» ማለቴ እኔም ስለነበርኩበት ነው።

ፒያኖ ተጫዋቹ ቢሊ ፓውል ደግሞ መጀመሪያ የባንዱ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ድምፅ ማጉያ ይጭናል፣ ያወርዳል። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ጭፈራ ላይ ፒያኖ አግኝቶ ቁጭ አለና ለ«ፍሪ በርድ» ራሱ ያዘጋጀውን መግቢያ ተጫወተ። ያን ጊዜ ነው አብሯቸው የሚውለው ልጅ ፒያኖ ማወቁን የሰሙት። የባንዱ አባል አደረጉት፤ መግቢያውም ዛሬ ድረስ ዘፈኑን የሚከፍተው እሱ ነው። የልጅ ልጄ ይህን ሲነግረኝ ከታች ሆና የምትሰማው እናቱ «የኔ ልጅ ደግሞ ሰሐን እንኳ አይሸከምም» አለች። እውነቷን ነው።

ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ዜማ «ሲምፕል ማን» ትባላለች። ባንዱ እንደሚተርከው፣ የሮኒ አያትና የጌሪ እናት በተቀራረበ ጊዜ አረፉ። ሁለቱ ልጆች ሮኒ ቤት ቁጭ ብለው ስለ ሴቶቹ ሲያወሩ ጌሪ ጊታሩን ነካካ፤ ሮኒ ሴቶቹ ይመክሯቸው የነበረውን በግጥም አደረገው፤ አንድ ሰዓት ቢወስድባቸው ነው። እናት አንድ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ትመክረዋለች። አትቸኩል ትለዋለች፤ መከራ ይመጣል፣ ያልፋልም፤ የሀብታም ወርቅ አያጓጓህ፤ ከበላይህ ያለውን አትርሳ፤ የሚያስፈልግህ በልብህ ውስጥ አለ። ልጁ ቃል በቃል ሲተረጉምልኝ የናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እሷም ምድጃ ዳር አስቀምጣ ነበር የምትመክረኝ፤ በዜማ ባይሆንም። ኩፐር ይህን ዘፈን አልበሙ ላይ አልፈለገውም ነበር ይባላል። ባንዱ እንደሚያወራው ሮኒ ሰውየውን እስከ መኪናው ሸኝቶ በሩን ዘጋበትና ተመልሶ ቀዱት።

አሁን ወደ አባቱ፣ ወደ አማቼ፣ ልምጣ። ሃያ ዓመት ጆርጂያ የኖረ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ስለ ፀጉሩ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። አንድ ማታ ግን ልጁ የባንዱ ሥዕል ያለበት ቲሸርት በኢንተርኔት ሊያዝ ሲል አየና ኮምፒዩተሩን ዘጋው። ቲሸርቱ ላይ የኮንፌደሬት ባንዲራ አለ። ባርነትን ለማስቀጠል ብለው ከአሜሪካ ተገንጥለው ከ1861 እስከ 1865 የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች የውጊያ ባንዲራ ነው። ባንዱ በ1970ዎቹ መድረክ ላይ ከጀርባው ይሰቅለው ነበር። የሸክላ ኩባንያው ሐሳብ ነበር ብለዋል፤ ቢሆንም ለዓመታት አላወረዱትም። በ2012 ጌሪ ሮሲንግተን «ትተነዋል» ሲል ደጋፊዎች ተቆጥተው፣ እሱም ወዲያው ለዘብ ብሏል። ልጆቹ የተማሩበት ትምህርት ቤት ራሱ በዚያው ጦር ጄኔራል በሮበርት ሊ ስም ይጠራ ነበር፤ ስሙ የተቀየረው በ2021 ነው።

አማቼ ይህን ሁሉ ድምፁን ሳያነሳ ነገረው። «እኔ ማታ ታክሲ ስነዳ ይህ ባንዲራ የተለጠፈበት መኪና ከኋላዬ ሲመጣ ምን እንደሚሰማኝ ታውቃለህ?» አለው። ልጁ አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ጊታር ሳይሰማ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ወርዶ «ዳድ፣ የእናትየዋ ዘፈን ግን ስለ ባንዲራ አይደለም» አለ። አባቱ ለረዥም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ዘፈኑን ስማ፤ ባንዲራው ግን ከዚህ ቤት አይገባም» አለው። እኔ በሁለቱም እስማማለሁ። በእኛ ዘመን ቢሆን ሸክላውም ይሰበር ነበር፤ ልጁም አይናገርም ነበር።

የባንዱ መጨረሻ አሳዛኝ ነው፤ በአጭሩ ላልፈው። ኦክቶበር 20 ቀን 1977፣ አምስተኛው አልበማቸው በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ሚሲሲፒ ውስጥ ጫካ ላይ ወደቀ። ስድስት ሰው ሞተ። ሮኒ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጌሪ ተርፎ እስከ 2023 ኖሯል፤ ከመጀመሪያዎቹ አባላት የመጨረሻው እሱ ነበር።

ልጄ ተልእኮዬን አልረሳችም። ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ እራት ላይ «አባዬ፣ ነገርከው?» አለችኝ። ልጁም አለ፤ አባቱም አለ። እኔ ግን ስለ ሌሲ ቫን ዛንት ነው ያወራኋት። ሌሲ የሮኒ አባት ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። ጌሪ በፀጉሩ ምክንያት ሲንገላታ የጌሪ አባት በሕይወት የለም፤ ከውትድርና ከተመለሰ በኋላ ነው የሞተው። ስለዚህ ሌሲ፣ የሰው ልጅ ነው ሳይል፣ ትምህርት ቤት ሄደ። ልጁ አባት የለውም፣ በጊታሩ የሚያገኛትን ሳንቲም ለእናቱ ነው የሚሰጣት፣ ሠርቶ አደር ሁልጊዜ ፀጉር ለመቆረጥ ጊዜ የለውም ብሎ ለመነላቸው። ግን ደንቡ ደንብ ሆኖ ቀረ።

«ይህን ምን አመጣው?» አለችኝ ልጄ። ያን ጊዜ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

ጊዜው 1984 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም መጨረሻ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፀጉሩን አጎፍሮ መጣ። አንዴ አስጠነቀቅሁት። በሁለተኛው ቀን እንደዚያው መጣ። ሰልፍ ላይ፣ ሁሉ ፊት፣ መንገድ አወጣሁለት። ተማሪው ሳቀ። ልጁ አላለቀሰም፤ ደብተሩን ይዞ በበሩ ወጣ። በማግስቱ እናቱ መጣች፤ ጥቁር ለብሳ። አባቱ ወታደር ነበር፤ መርዶው በክረምቱ ነው የደረሳቸው። ልጁ የአባቴ ተዝካር ሳይወጣ ፀጉሬን አልነካም ብሎ ነው። «አሁን ተኝቷል፤ አልነሳም ብሏል፤ እባክዎ እርስዎ መጥተው ቢያናግሩት» አለችኝ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ አይሆንም። እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ተላጭቶ ይምጣ» አልኳት። ደንብ ነዋ። ልጁ አልመጣም። በኅዳር ስሙ ከሮስተር ተሰረዘ፤ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ገበታው ዝም አለ። የልጅ ልጄ ነው የተናገረው። «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። የልጁን ስም ነገርኩት። «የአባቱስ?» አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። የአባቱን ስም ነው የረሳሁት።

ልጄ ተነስታ ሰሐን መሰብሰብ ጀመረች። ስለ ፀጉሩ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ልጁ ግን ሳይነገረው ተነስቶ ሰሐን አነሳላት፤ ይህንንም መዝግቡልኝ።

መምህር ሊዮናርድ ስኪነር በእርጅናው ደንቡን የደነገግሁት እኔ አይደለሁም ይል ነበር፤ ያስከበርኩት ብቻ ነው። እውነት ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ልዩነታችን እሱ ልጆቹን መልሶ ማግኘቱ ነው። ማስተማሩን ትቶ የቤት ሽያጭ ድለላ ሲጀምር፣ በ1975 በወጣው አልበማቸው ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ እንዲያስገቡ ፈቀደላቸው። ሰሌዳው ላይ ስልክ ቁጥሩ ነበረ፤ የማያውቁት ሰዎች በሌሊት ሳይቀር እየደወሉ «ሊዮናርድ ስኪነር አንተ ነህ?» ይሉት ነበር። ጃክሰንቪል ውስጥ ኮንሰርት ሲያሳዩም መድረክ ላይ ወጥቶ ባንዱን ለሕዝቡ ያስተዋወቀው ያ ቢሮ ይልካቸው የነበረው መምህር ነው። በ2010 በሰባ ሰባት ዓመቱ ሲሞት ዜናው በብዙ ጋዜጦች ወጣ።

ከተመለስኩ በኋላ ወደዚያ ሰፈር ሄጄ ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው ፎቅ ቆሞበታል። ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት ሴትየዋን ያስታውሷታል፤ ወዴት እንደሄደች ግን አያውቁም።

አንተ ልጅ፣ ዛሬ አንተም ወደ ሃምሳው ተጠግተሃል፤ ምናልባት የልጆች አባት ሆነህ ይህን የቤተሰብ ገጽ ታነብ ይሆናል። ስምህን እዚህ አልጽፈውም፤ በር ላይ የቆመውን ቲቸርና የዚያን ቀን ሰልፍ አንተ ታውቀዋለህ። የአባትህን ስም ንገረኝ። ቁጥሬ ከጋዜጣው ቢሮ ይሰጥሃል። በሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።